ተመልሰው ሄዱ

ሚራን ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ የደንበኛ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

"እህቴ፣ እናትዎ ተመልሰው ሄዱ" አለቻት ቱየት፣ የአረጋውያን ማቆያው ሠራተኛ። "አሁን፣ ከቁርስ በኋላ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ልዝጋው።"

ካውያውን ያነሳችው ሸሚዙ ሲጨስ ነው። በሚራን አገር ለትልቅ ሰው "ሞቱ" አይባልም፤ ነውር ነው። ወደ መጡበት ተመልሰው ሄዱ ነው የሚባለው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ሽርጧን ሳታወልቅ ታክሲ ያዘች። እናቷን ማቆያው ካስገባቻት ገና አሥራ አንድ ቀኗ ነው። "እሁድ እመጣለሁ" ብላት ነበር፤ እሁድ ደክሟት ስትተኛ ዋለች። አሁን ከሞቱም በላይ ያስፈራት አንድ ነገር ነበር፦ እናቷ በሩን በሩን እያየች አልፋ እንደሆነስ?

ሁለተኛ ፎቅ ደረሰች። አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ ታጥፏል፣ ከቤት የመጣው ትራስ ብቻ ቀርቷል። ቱየት የምግብ ጋሪዋን እየገፋች ስትገባ ሚራን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ብቻዋን ነበረች?"

"አይ፣ አቶ ጉ አብረዋቸው ነበሩ። ጎረቤታችሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴው።"

"በመጨረሻ ምን አለች?"

"'የዚህ ቤት ሾርባ ውሃ ነው' አሉ። ከዚያ መኪናው ላይ ወጡ።"

"የምን መኪና?"

"የሽንኩርቱ ነዋ። ጋቢና ነው የተቀመጡት።"

ሚራን አፍጥጣ አየቻት። "ቱየት፣ እናቴ የት ነው ያለችው?"

"መንደራቸው ነዋ። አቶ ጉ አስፈቅደው ወሰዷቸው። ተመልሰው ሄዱ አላልኩም?" የሚራን ፊት ሲለዋወጥ ልጅቷ ደነገጠች። "አጠፋሁ እንዴ? እኔ የቬትናም ልጅ፣ ቋንቋችሁ መቼ ያልቃል። ኃላፊዋ 'ስለ አዛውንት በአክብሮት ተናገሪ' ብላ ሦስቴ ተቆጥታኛለች። 'ሄደች' ማለት ፈርቼ ነው።"

ሚራን ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲወጣላት የእናቷን ቤት ስልክ ደወለች።

"ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው" አለች እናቷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። "ልትወስጂኝ ነው የምትመጪው?"

ሚራን እናቷ እንዲህ ፈርታ ሰምታት አታውቅም።

"ሩዙን ለሁለት ሰው ጣጂው" አለቻት፤ ትራሱን ከአልጋው አንስታ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ወረደች።