ማንም የማያውቀው ቁጥር

ልብስ ሰፊ ናት። ታናሽ ወንድሟ «እታለም» ይላታል፤ እኛም እንዲሁ እንበላት።

ባሏን ጥላ ወንድሟ ቤት የገባች ዕለት ይዛ የወጣችው የስፌት መኪናዋንና አንድ ሻንጣ ልብስ ብቻ ነበር። ሞባይሏን ሆን ብላ ትታው ወጣች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አገር አቋርጦ ሲሄድ መንገድ ላይ ሆኖ ይደውልላትና ቃል ሳይተነፍስ የቤቱን ድምፅ ያዳምጣል። ሬዲዮ ከሰማ ማን ከፈተው፣ በር ሲዘጋ ከሰማ ማን ገባ፣ ምንም ካልሰማ ደግሞ ማንን ደብቀሽ ነው ዝም ያልሽው ይላል። ይህን የሚጠይቀው ሲመለስ ነው። የእሷ መልስ ምንም ሆነ ምን ከዚያ የሚከተለው ያው ነበር።

ወንድሟ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ያነሳል። ቤቱን በቅርቡ ነው የቀየረው፤ ባሏ አዲሱን አያውቀውም። ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። እናታቸው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ብቻዋን ትኖራለች፤ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ከዋለች እህል አይወርድላትም። ስለዚህ ወንድምየው «አዲስ ሲም ካርድ ላውጣልሽ» አላት።

«አይሆንም፤» አለች። «ቁጥር ያፈተልካል። አንዱ ለአንዱ ይሰጣል፣ ያም ለሌላው፤ ዞሮ ዞሮ እሱ ጆሮ ይገባል።»

ወንድሟ ጥቂት አሰበና አልጋው ሥር አጎንብሶ አሮጌ ኮምፒውተር ጎትቶ አወጣ። በአንድ ጎኑ ሽፋን የለውም፤ ውስጡ አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮበታል። በረንዳ ላይ አውጥቶ እያስነጠሰ ጠረገው።

«ይኼ የራሳችን የስልክ ማዞሪያ ይሆናል፤» አላት። «በኢንተርኔት ነው የሚሠራው። አንድ የጠረጴዛ ስልክ አንቺ ጋ፣ አንድ እማዬ ጋ፣ አንዱን ደግሞ እኔ ሞባይሌ ላይ እጭነዋለሁ። ከሦስታችን በቀር ቁጥሩን የሚያውቅ አይኖርም።»

«ማንም?»

«ማንም፣ እታለም።»

ሥራው እንደ አፉ አልቀለለትም። ኮምፒውተሩ በሞቀ ቁጥር ራሱን ያጠፋል። ይህን ሲያስተካክል ደግሞ ድምፁ በአንድ በኩል ብቻ የሚሄድ ሆነ። ወንድሟ እናታቸው ቤት ሄዶ ስልኩን ሲሞክር፣ እታለም እናቷን ጥርት አድርጋ ትሰማለች፤ እናትየው ግን ምንም አትሰማም። «እማዬ! እማዬ!» ብትል መልስ የለም። ከወዲያ በኩል እናቷ ለወንድሟ ስታወራ ተሰማት፦ «ዕቃው ነው የማይሠራው ወይስ ልጄ አኩርፋኛለች?» እታለም ስቃ ልትሞት ደረሰች። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! በኋላ እሱም ተስተካከለ። እናትየው ቁጥር ማስታወስ እንዳይኖርባት ስልኳ ላይ «እታለም» የሚል ቁልፍ አደረገላት። የስልኩ ትንሽ መስኮት ላይ «እማዬ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል፣ እታለም እጇ ላይ ያለውን መርፌ ሰክታ ትሮጥ ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሆና እጅጌ ስትገጥም ስልኩ ጮኸ። መስኮቱ ላይ «እማዬ» አይልም። የወንድሟም ስም አይደለም። «100» ይላል።

አነሳችው። «ሃሎ?»

ዝም።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

ዝም። የትንፋሽ ድምፅ እንኳ የለም። ከዚያ ተዘጋ።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ስንት ዓመት አብራው ኖራለች።

ለወንድሟ አልነገረችውም። ባለፈው ባሏ ደብድቦ ከቤት ያስወጣት ጊዜ ወንድሟ ተናዶ ሊያናግረው ሄዶ ነበር፤ የተመለሰው ጥርሱን አጥቶ ነው። አሁን ቢሰማ ተመልሶ እንደሚሄድ አልተጠራጠረችም። ስለዚህ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ያዘች። በማግስቱ እንደገና ተደወለ፤ አሁን «1000» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ተከታትሎ ጮኸ፣ ስትዘጋው ይጮኻል፣ ስትዘጋው ይጮኻል። የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ አጠገብ አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ብርሃን ስለማይበቃት የአንዲት ደንበኛን እጅጌ ግራውን በቀኝ ሰፍታ ፈታችው። ትልቁን መቀስ የጋውኗ ኪስ ውስጥ ይዛ መዋል ጀመረች። በር ሲንኳኳ ድምፅ ሳታሰማ በቀዳዳው ታያለች፤ ጎረቤት ብትሆን እንኳ አትከፍትም።

በመጨረሻ የስልኩን ኬብል ነቀለችው።

ይህ ነው ያጋለጣት። እናቷ ስልኩ አልነሳ ሲላት ለወንድሟ ደወለች፣ እሱም ሥራውን ጥሎ መጣ። እህቱን ጓዳ ውስጥ፣ እጇን መቀሱ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ አመድ መስሎ አገኛት።

«እታለም፣ ምን ሆነሻል?»

«አግኝቶኛል፤» አለችው። «ይደውላል። አይናገርም። አንተ ማንም አያውቀውም ብለኸኝ ነበር።»

ወንድሟ የመጣውን ጥሪ ሁሉ ስትነግረው መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። «100» ስትለው ግን ቆም አለ። «እስቲ ነይ» ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት። ትንሽ ቆየና ግንባሩን በእጁ መታ።

«እሱ አይደለም። ሰውም አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉ። እንደ ሌባ በየቤቱ እየዞሩ የበር እጀታ ይሞክራሉ፤ የተከፈተ ስልክ ካገኙ በሰው ሒሳብ ሊደውሉበት ነው። የማንን በር እንደሚነኩ እንኳ አያውቁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእማዬ ስልክ ከውጭ እንዲገባ ብዬ በሩን ለሁሉ ነው የከፈትኩት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አየሽ፣ ይኼኛው ከሌላ አገር ነው። ይኼም። ይኼም ሌላ ነው። ያንቺ ሹፌር በአንድ ቀን ይኼን ሁሉ አገር ይዞራል?»

ከእናታቸው ቤትና ከራሱ ሞባይል በቀር ማንም እንዳይገባ አድርጎ ዘጋው፤ ፓስወርዶቹንም ሁሉ ቀየረ። «ከእንግዲህ ይኼ ስልክ ከጮኸ ወይ እኔ ነኝ ወይ እማዬ ናት፤ ሳትፈሪ አንሺው» አላት።

እውነትም ስልኩ ጸጥ አለ። እታለም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች። መኪናዋን ወደ መስኮቱ መለሰች። መቀሱም ከኪሷ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቦታውን ያዘ። ደንበኞቿ ቤቷ መግባት ጀመሩ። ከሁሉም የምትቀርባት አንዲት መምህርት ነበረች፤ ጨዋታ አዋቂ ናት፣ ቀሚስ ልትለካ መጥታ የአንድ ሰፈር ወሬ አውርታ ነው የምትሄደው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች፤ እታለም ተንበርክካ ጠርዙን በስፒል ትይዛለች። ስልኩ ጮኸ። መስኮቱ ላይ «እማዬ» ይላል። እታለም በአፏ የያዘቻቸውን ስፒሎች አውጥታ እየሳቀች አነሳችው።

«እማዬ፣ ቆይ ሰው እየለካሁ ነው...»

ዝም።

«እማዬ? ድምፁ ዛሬም ጠፋ እንዴ?»

ዝም። ቀጥሎ ትንፋሽ። ከዚያ ጉሮሮን ጠረግ የማድረግ ድምፅ፤ ሲጋራ ያከረረው፣ አጭር፣ በደንብ የምታውቀው ድምፅ።

የያዘቻቸው ስፒሎች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«ደህና ነሽ?» አላት ባሏ።

ከእናቷ ቤት ነው የሚደውለው። ከእናቷ ሳሎን፣ ከእናቷ ወንበር ላይ።

«እናቴ የት አለች?»

«ውሃ ልታመጣልኝ ጓዳ ገብታለች። እናትሽ እኮ እንግዳ ያከብራሉ፤ እንዳንቺ አይደሉም። ምንድን ነው ኋላሽ የሚጮኸው? ብረት ነው?»

ከመንገዱ ማዶ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ወርክሾፕ አለ፤ ብረት የሚቆርጥበት ማሽን ያፏጫል። እታለም የስልኩን እጀታ በመዳፏ ሸፍና ለመምህርቷ የቤቱን መስኮት እንድትዘጋ አመለከተቻት። መምህርቷ አልገባትም። እታለም ነጩን የልብስ ጠመኔ አንስታ የቀሚሱ ትርፍ ጨርቅ ላይ ጻፈች፦ «ባሌ ነው። እናቴ ቤት። ወንድሜን ጥሪ።» ሥሩ የወንድሟን ቁጥር ጻፈች፤ አንዱን አኃዝ ሁለት ጊዜ ተሳስታ አረመችው። መምህርቷ አነበበች። ፊቷ ተለወጠ። መስኮቱን ቀስ አድርጋ ዘግታ፣ ስፒል እንደተሰካበት ያለውን ቀሚስ ሰብሰብ አድርጋ፣ ሞባይሏን ይዛ ጓዳ ገባች።

«ለምን ዝም አልሽ?» አለ ባሏ።

«አለሁ።»

ከወዲያ በኩል የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «ስልኩን ማን ንካ አለህ? ከማን ጋር ነው?»

«ከልጅዎ ጋር ነው እማማ። ይቀመጡ። የት እንደምትኖር ይንገሩኝና ልሂድ።»

«ነግሬሃለሁ፤ አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም? እናት አይደሉም እንዴ?»

ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ። አንድ ብርጭቆ ወለል ላይ ተከሰከሰ። እናቷ «ክንዴን ልቀቅ!» ስትል ሰማች። የእታለም አፍ ራሱ ተናገረ።

«እኔ እነግርሃለሁ። እሷን ልቀቃት፣ ልንገርህ።»

«ንገሪኝ።»

ወጣት ሳለች ስፌት የተማረችበትን፣ ከዚህ በጣም የሚርቀውን ሰፈር በሐሳቧ አመጣችው። «ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ ታች ትወርዳለህ» አለችው። «አስፋልቱ ሲያልቅ ቆሻሻ ውሃ የሚሄድበት ድልድይ አለ። እሱን አትሻገር።» እሱ ይጠይቃል፦ ድልድዩ የእንጨት ነው የብረት? ግቢው ስንት ቤት አለው? ማን አለ ከአንቺ ጋር? እሷ ትመልሳለች። በሩን ቀለም ቀባችው፣ ከበሩ ፊት ዛፍ ተከለች፣ ጠባቂ ሽማግሌም አቆመች። አንድ ቃል ካፋለሰች እንደሚነቃባት ታውቃለች፤ ያለችውን ሁሉ እያስታወሰች ቀጠለች። ከጓዳ የመምህርቷ ሹክሹክታ ይሰማል፦ «ኧረ አንሳ... አንሳ በናትህ...»

«በታክሲ ብመጣ የቱ ጋ ነው የምወርደው?»

«ከዳቦ ቤቱ ፊት።»

«ቅድም ዳቦ ቤት አላልሽም።»

የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«አሁን ነው እኮ ታክሲ ያልከኝ። በእግርህ የምትሄድ መስሎኝ ነበር።»

መልስ ሳይሰጣት በሩ ተመታ። የእናቷ በር ነው። ወፍራም ድምፅ ከውጭ ጮኸ፦ «እትዬ! ክፈቱ! ምን ሆነው ነው?» ድምፁን አወቀችው፤ ከእናቷ ቤት አጠገብ ወርክሾፕ ያለው አናጢ ነው። ሌሎችም ሰዎች አብረውት ይንጫጫሉ። ስልኩ አንድ ነገር ላይ ተጋጨና ተቋረጠ።

እታለም መልሳ ደወለች። አይነሳም። እንደገና። አይነሳም። መምህርቷ ከጓዳ ወጥታ «ወንድምሽ አነሳ፤ አናጢው ጋ ደወለ፣ እሱም እየሄደ ነው» አለቻት። እታለም የሰማቻትም አትመስል። ስልኩን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች።

ጮኸ። «እማዬ» ይላል።

እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው። ማንሳት አልቻለችም። ማን እንደሚያወራት አታውቅም። ስልኩ ይጮኻል፣ እሷ ታያለች። መምህርቷ ታግሣ ታግሣ ራሷ አነሳችው። አዳመጠች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እናትሽ ናቸው፤» አለች። «ደህና ነኝ በይልኝ እያሉ ነው።»

እንደ ሰማነው ከሆነ ሹፌሩ አናጢውን ገፍትሮ ወጥቶ ሮጠ። የእናትየው ክንድ በልዟል፤ ሌላ አልተነካችም። ወንድሟ ሲደርስ እናቱ ስብርባሪ ብርጭቆ ስትጠርግ አገኛት።

«በሩን ለምን ከፈትሽለት?» ብሎ ጮኸባት።

«አለቀሰ፤» አለች እናትየው። «ሙዝ ይዞ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆሞ አለቀሰ። አስታርቁኝ አለኝ። የሚያለቅስ ሰው ላይ በር እንዴት ይዘጋል?»

ወንድምየው ያኔውኑ ሊፈልገው ተነሳ። ያስቆመችው እህቱ ናት። በመምህርቷ ስልክ «አንተን መቅበር አልፈልግም። ና፤ ፖሊስ ጋ እንሄዳለን» አለችው።

ሄዱ። እናትየው ክንዷን አሳየች፤ አናጢውና መምህርቷ ያዩትንና የሰሙትን ተናገሩ። ተረኛዋ የፖሊስ መኮንን «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ስትላት፣ እታለም ለእናቷ እንኳ ነግራ የማታውቀውን ሁሉ ተናገረች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «እኔ እኮ ተጋጭታችሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

ሹፌሩ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ተቀጣ፣ ወደ እናትየውም ወደ እታለምም እንዳይጠጋ ታዘዘ። እናትየው እያጉረመረመች ጓዟን ጠቅልላ ልጆቿ ቤት ገባች። ጎረቤቶቿ ናፍቀዋታል፤ የወንድምየው ቤት ጠባብ ነው፣ የስፌት መኪናው ድምፅም ያስነጥሳታል ትላለች፤ እንዴት እንደሚያስነጥሳት ግን አስረድታ አታውቅም።

እታለም አሁን ራሷ ጨርቅ ልትገዛ ትወጣለች። መምህርቷ አብራት ካልሄደች በትልቁ መንገድ በኩል፣ ሰው በሚበዛበት ትሄዳለች። የጭነት መኪና ከኋላዋ ፍሬን ሲይዝ ግን ዛሬም ትቆማለች። ግድግዳ ይዛ፣ መኪናው አልፏት እስኪሄድ፣ የሹፌሩን ፊት እስክታይ ትጠብቃለች። ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች።