ሰማያዊው ቦርከና

ወይዘሮ መሊካ ሸራውን በብርድ ልብስ እየጠቀለሉ፣ የልጅ ልጃቸው ዓዲላ ገመዱን እያጠበቀች ሳለ እጃቸው ድንገት ቆመ።

"ቆይ እስቲ። ይኼ ከታች ያለው ሰማያዊ ምንድን ነው?"

ሥዕሉ ዛሬውኑ ከዓዲላ ጋር አዲስ አበባ ይገባል፤ አርብ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ ያየዋል። ወይዘሮ መሊካ ሳምንቱን ሙሉ ሲያዩት ነው የከረሙት። የመጀመሪያው ቀን "ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይኼ?" ብለው ደንግጠው ነበር። ልጅቷ "የጨፋው ቤታችን ነው" ስትላቸው በር ፈለጉ፣ አጡ፤ ጣሪያ ፈለጉ፣ አጡ። ቀለም ብቻ። አራት ዓመት ሥዕል ተምራ ቤት መሣል አቃታት፣ ሰው ይስቅባታል ብለው እንቅልፍ አጡ። እሳቸው እንኳ ከአራተኛ ክፍል ያላለፉት፣ ድሮ ደብተራቸው ላይ የሣሉት ቤት በርና መስኮት ነበረው።

በሦስተኛው ቀን ምስር ሲለቅሙ ቀና ቢሉ፣ መሀል ላይ ያለው ቀይ ቀለም ላማቸው ዲማ ሆና ታየቻቸው። አመድማው ዳለቻ ናት። ጥቁርና ነጩ ቡሬ። ዙሪያውን ያለው ቢጫ ደግሞ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላ። ጨፋን ለቀው ከሚሴ ከገቡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ሳለ፣ ያኔ የተሸጡትን ላሞች በስማቸው እየጠሩ በሥዕሉ አጠገብ ማለፍ ጀመሩ። ሰማያዊውን ግን ሰማይ ነው ብለውት ነበር፤ ቤቱ ካልታየ ሰማዩስ ከታች ቢሆን ምን ይደንቃል ብለው።

"ቦርከና ነዋ፣ አኮ" አለች ዓዲላ። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አያቷን የምትጠራው አኮ ብላ ነው።

"ቦርከና መቼ ሰማያዊ ሆኖ ያውቃል? በጋ ሲጎድልም ክረምት ሲሞላም መልኩ አፈር ነው። የጨፋ ሰው ቢያየው ምን ይልሻል? ወንዟን የማታውቅ ይልሻል።"

"እውነቱን ነው፤ አላውቀውም።" ዓዲላ ገመዱን ለቀቀችው። "አንድ ቀን ወስደሽኝ ታውቂያለሽ? ሁሌም ከጨፋው ደጃችን ሆኜ ነበር የማየው። ከዚያ ሲያዩት ሰማያዊ ነበር።"

ዓዲላ ሳትወለድ በፊት፣ በነሐሴ ሙላት፣ የወይዘሮ መሊካን ልጅ ሙኽታርን ከብት ሲያሻግር ቦርከና ወስዶባቸዋል። ዓዲላ እግር ካወጣች በኋላ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ ቃጭል አሰሩላት፤ ድምፁ ከግቢ ራቅ ካለ ሥራቸውን ጥለው እየተጣሩ ይሮጣሉ። እኩዮቿ ወርደው ሲንቦጫረቁ እሷ ደጃፍ ቁጭ ብላ ሳቃቸውን ትሰማ ነበር። ጠበቅኋት ብለው ነበር እስከ ዛሬ።

"ቡናማ ቀለም አለኝ" አለች ዓዲላ፣ ቀስ ብላ። "ላጥፋው?"

አያቷ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ። ልጃቸውን የበላው ውሃ በዚህች ልጅ ዓይን እንዲህ አምሮ ኖሯል። በጣታቸው ሊነኩት ፈለጉና መለስ አሉ፤ እንዳያበላሹት ፈሩ።

ውጭ ባጃጅ ጡሩንባውን ነፋ። የጎረቤታቸው ልጅ ዘይኑ ነው፤ ልጅቷን ከነሥዕሏ መናኸሪያ ሊያደርስ ነው የመጣው። አንገቱን በበሩ አስግጎ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን አየና፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸኙት ሲል ቀለደ።

"ዘይኑ፣ ሚኒባሱ መቼ ነው የሚነሳው?"

"ሲሞላ ነዋ፣ እማማ። ገና ሦስት ሰው ነው የገባው።"

ወይዘሮ መሊካ ሻርፓቸውን አስተካክለው ጫማቸውን አጠለቁ።

"እንግዲያው አስቀድመህ ወንዙ ዳር አድርሰን።"

ዓዲላ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቀለም ሳጥኗ እጇን ዘረጋች። "ቡናማውን ልያዘው?"

"ተይው። ሰማያዊው ባለበት ይሁን፤ ያየሽው እሱን ነው።" ክንዷን ጨብጠው ወደ ባጃጁ መሯት። አጥብቀው ነበር የጨበጡት። "አሁን ጥር ነው፣ ውሃው ጎድሏል። ትገቢያለሽ፤ እጅሽን እኔ እይዛለሁ።"

ሥዕሉ ተጭኖ ባጃጁ ሲነሳ ጆሮዋ ድረስ ጠጋ አሉ።

"እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ብቻ ነው ታዲያ።"