ደጀን በእግር

ወይዘሮ የሻረግ ማዳመጫውን ከኤልሳቤጥ ጆሮ ላይ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

"ልጄ መቼ ነው የሚቀበረው?" አሉ።

ኤልሳቤጥ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች። መርሳ ከሚገኙት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ቪዲዮ ቀራፂ ናት፤ ሰርግም ለቅሶም ትቀርፃለች። ክረምት ላይ የእኚህን እናት ልጅ፣ የደጀንን ለቅሶ የቀረፀችውም እሷ ናት፤ ጅዳ ላለችው እህቱ እንዲላክ ተብሎ። ታዲያ ቪዲዮውን ስታቀናብር የሟቹን ወንድም አዳነን የወረፈችበት የአልቃሿ የአስካለ ድምፅ ልቧን ያዘው፤

"መኪናው በደጁ፣ ወንድሙ ሹፌር፣
ደጀን በወሳንሳ፣ ደጀን በእግር።"

ድምፁን ቆርጣ የኮምፒውተር ምት ጫነችበት። የመጨረሻዋን ሐረግ እየደጋገመች አስጮኸቻት፤ "ደጀን በእግር፣ ደጀን በእግር..."። እውነት ይነገር ከተባለ ዘፈኑ ያስጨፍራል። የባጃጁም፣ የጭማቂ ቤቱም፣ የመናኸሪያውም አፍ ማሟሻ ሆኖ አረፈው። ሐዘንን እንዴት ጭፈራ ታደርጊዋለሽ ብሎ የሰደባት ብዙ ነው፤ ስድቡ ግን ዘፈኑን ጭራሽ አገነነው። ውጭ አገር ለሚካሄድ የሙዚቃ ውድድር ብትልከው ደግሞ፣ ይኸው ለመጨረሻው ዙር አለፈ። መሄዷን ማረጋገጥ ያለባት ዛሬ ነው።

"እትዬ የሻረግ፣ እኔ እኮ አስካለን አስፈቅጃታለሁ። ድምፁ የእሷ ስለሆነ..."

"ድምፁስ የአስካለ ነው። ሐዘኑ የማን ነው?"

ኤልሳቤጥ ቤተሰቡን መጠየቅ ጭራሽ ትዝ አላላትም ነበር።

"እኛ አገር ለቅሶ ላይ ያልተወረፈ ማን አለ?" አሉ ሴትዮዋ። "እኔም ስንቴ ተወርፌያለሁ! ድንኳኑ ሲነሳ ወቀሳውም አብሮ ይነሳል። አንቺ ግን እንደተተከለ ተውሽው። አዳነ መኪናውን ካቆመ ሰነበተ። መናኸሪያ ሲገባ 'ደጀን በእግር' እያሉ ይጨፍሩበታል። እህል አይቀምስም። ሁለተኛውንም ልቅበር ወይ?" የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

ወሬውን ኤልሳቤጥም ሰምታ ነበር። ስንኟን ላውጣት ብላ አዘጋጆቹን ብትጠይቅ፣ ዘፈኑ የተመረጠው እንደተላከ ነው፣ መቀየር አይቻልም ብለዋታል። እንግዲህ ወይ መሄድ ነው ወይ መተው። ከደሴ ወዲያ ላልተሻገረች ልጅ ደግሞ ይሄ እንዲህ በቀላሉ የሚተው ነገር አይደለም።

"ልሂድና ላነጋግረው" አለች።

አዳነ እቤቱ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ሚኒባሱ ደጅ ቆሞ አቧራ ለብሷል።

"ጋሼ አዳነ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"ምን አጠፋሽ? እውነት ነው" አለ ሳይዞር። "ደጀን ሲደውል ሐራ ከተማ ሰው እየጫንኩ ነበር። ስልኩን አየሁት። በኋላ እደውላለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ጎረቤት ወደ ሐኪም ቤት ተሸክሞት ሲወርድ መንገድ ላይ አለፈ።" ጋቢውን ወደ ጆሮው ሳብ አደረገ፤ "እኔ ስልኩን ያላነሳሁት አንድ ጊዜ ነው። ባንቺ ዘፈን ግን ቀኑን ሙሉ አላነሳም። በየባጃጁ አላነሳም።"

ኤልሳቤጥ እዚያው ቆማም ቢሆን ወደ ውድድሩ መሄድ ትፈልጋለች፤ መፈለጓም አሳፈራት። እያለቀሰች ስልኳን አወጣችና ለአዘጋጆቹ ዘፈኑን አውጥቻለሁ፣ አልመጣም ብላ ጻፈች። ላከችው።

"ከውድድሩ አወጣሁት" አለች።

"ከመርሳስ ማን ያወጣዋል?" አለ አዳነ።

ዘፈኑ በየሰዉ ስልክ ገብቷል፤ አንዴ ከወጣ ወዲያ የእሷም አይደለም። ወይዘሮ የሻረግ በሩን ተደግፈው ሁለቱንም ያያሉ።

"ነገ ወደ ወልድያ ተራ ያዝ" አለች ኤልሳቤጥ በመጨረሻ። "እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ።"

"ጭራሽ እንዲስቁብኝ?"

"ይሳቁ። የሚስቀው እኔን ፊት ለፊት እያየ ይሳቅ።"

አዳነ ፊቱን አላዞረም። ኤልሳቤጥ እንባዋን ጠርጋ ወደ እናቱ ዞረችና፣ መኪናው ጠዋት በስንት ሰዓት ተራ እንደሚይዝ ጠየቀቻቸው።