የጠዋቱ ናሙና

በፋብሪካችን ናሙና የሚቆረጠው ጠዋት ከምድጃው መጀመሪያ ከሚወጣው የፀሐይ ፓነል ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣው ባለቤቴ ነበር። ፓነሎቹን የሚነድፈው እሱ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምፈትሻቸው እኔ ነበርኩ። ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሥርዓቱን ግን ማንም አልነካውም።

ሴሎቹን ከመስታወቱ ጋር የሚያጣብቅ ግልጽ ፕላስቲክ አለ። ምድጃ ውስጥ አሥራ ስምንት ደቂቃ ከበሰለ ይጠነክራል፤ ጥሬ ከቀረ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይላቀቅና ውሃ ያስገባል። እኔ ቁራጩን በኬሚካል ቀቅዬ ሳይሟሟ የቀረውን እመዝናለሁ፤ በደንብ የበሰለው አይሟሟምና። ከመቶው ሰባ አምስት እጅ ካለፈ እፈርማለሁ። አንድም ቀን ከሰማንያ ወርዶብኝ አያውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያው ፓነል ሲወጣ ተሰነጠቀ። ቆራጩ ሠራተኛ ነገሩን ቀላል አድርጎ ከአሥረኛው ቆርጦ አመጣልኝ። ውጤቱ አርባ ስምንት ሆነ። መጀመሪያ ሚዛኑን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ራሴን። ደግሜ ሠራሁት፤ አርባ ሰባት። ለጤና ጣቢያዎች የሚሄዱ ሁለት መቶ አርባ ፓነሎች ዓርብ ለመጫን የእኔን ፊርማ እየጠበቁ ነበር።

ወደ ምድጃው ወርጄ ሰዓቴን ይዤ ቆምኩ። ክዳኑ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተከፈተ።

ምድጃው ላይ የሚሠሩትን ሴትዮ ሁላችንም እማማ ምድጃ እንላቸዋለን። «እማማ፣ ለምን ቶሎ አወጡት?» አልኳቸው።

«የቱን ቶሎ? ልኩ አሥራ አንድ ነው እንጂ። አሥራ ስምንት የሚቆየው ያንቺ ነው።»

«የኔ?»

«የጠዋቱ ነዋ! እኛማ ‹የእመቤት ድርሻ› ነው የምንለው።» ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። «አታውቂም እንዴ? ውይ፣ ምነው አፌን በቆረጠው!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሦስት ፎቅ ወጣሁ።

የምርት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው የሠርጋችን ሚዜ ነበር፤ ዛሬም ድረስ «ሙሽሪት» ነው የሚለኝ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ያደረግኸው መቼ ነው?»

«ተቀመጪ ሙሽሪት። ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም።»

«ቆሜ እሰማዋለሁ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ አይደለሁም። እሱ ነው።»

«ጣልበት፤ የሞተ ሰው መቼ ይመልስልሃል!»

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። የባለቤቴን የእጅ ጽሑፍ ከሺህ መሃል እለየዋለሁ። «የመጀመሪያው 18፤ የቀረው 11» ይላል። ከሥሩ ፊርማው አለ። ቀኑ ከመሞቱ አንድ ዓመት ይቀድማል።

«ገዢዎቹ ዋጋ ቀንሱ አሉ» አለ ሚዜው። «ወይ መስታወቱን ማሳሳት ነበረብን፣ ወይ ደቂቃውን መቀነስ። ‹መስታወት ይታያል፤ ደቂቃ ማን ያያል› አለ ባልሽ። በቀን ሠላሳ ፓነል ጨመርን። ይህ ፋብሪካ እስካሁን ሳይዘጋ የቆየው በዚያ ነው።»

«ናሙናውስ?»

«‹እሷ ካወቀች አትፈርምም። ጠዋት ጠዋት አንድ በደንብ አብስሉላት› አለን።»

ያን ዓመት ሙሉ ማታ ራት ላይ «ዛሬ ስንት ወጣልሽ?» ይለኝ ነበር። ሰማንያ ሁለት ስለው «እንዳንቺ ያለ ከየት ይገኛል!» ይል ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለሚዜው አልነገርኩትም።

«ያለፈው አለፈ» አለኝ። «ከነገ ጀምሮ ሁሉም አሥራ ስምንት ይቆያል፤ ቃሌ ነው። አንቺ ዓርብን ብቻ ፈርሚልኝ። የሟችን ስም አናንሳ።»

ላቦራቶሪ ገብቼ የውድቅ ማስታወቂያ ቅጽ አወጣሁ። ሁለት መቶ አርባውን ጻፍኩ፤ ከሥሩም በሦስት ዓመት ውስጥ በእኔ ፊርማ የወጡትን በሙሉ። «ትእዛዙን የሰጠው» የሚለው ቦታ ላይ «ምርት ክፍል» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። የባለቤቴን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። «ናሙናውን ያጸደቀው» በሚለው ላይ የራሴን። ቅጂውን ለገዢዎቹ ወኪል ልወስድ ስነሳ ሚዜው በሩ ላይ ቆሟል። ቅጹን ከእጄ ላይ አነበበው።

«ለነፍሱ እንኳ አታዝኚም?»

«ሁለት ዓመት አዘንኩለት» አልኩት። «ዞር በልልኝ፣ ልለፍ።»