በቀስታ የሚለያዩ ሁለት መስመሮች

ሕመምተኛ አምኖ ከአካሉ ቆርሶ የሰጠውን ለዝናው መወጣጫ ያደረገ ሰው፣ ዝናውንም ታማኝነቱንም ያጣል፤ እውነትን ሳይቸኩል የጠበቀ ግን ምስጋና አይነፈገውም። ነገሩ የሆነው የጡንቻ ሕመም በሚጠናበት አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

በዚያ የምትሠራ አንዲት ተመራማሪ ልብስ ሰፊ ወንድም ነበራት። ከአባቱ በወረሰው ሕመም ምክንያት ጣቶቹ የጨበጡትን ቶሎ አይለቁለትም፤ መቀሱን ለማስቀመጥ እንኳ በሌላው እጁ አንድ በአንድ ይፈለቅቃቸዋል። ሰላምታው የረዘመበትን ደንበኛ፣ «ወድጄህ እንዳይመስልህ፤ እጄ ነው የወደደህ» እያለ ያስቃል። ለጥናቱ ከክንዱ ቅንጣት ጡንቻ ሰጥቷል። ጉበትን ሊጎዳ የሚችለውን አዲስ መድኃኒትም ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሊወስድ ተስማምቶ ነበር።

«እኔ ዘንድ የጎደለው ምንድን ነው? እንዲገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ» አላት አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

«የጡንቻ ጂኖችን የሚያዝ አለቃ ፕሮቲን አለ» አለችው። «ሴሉ የአለቃውን መልእክት ከጂኑ ከገለበጠ በኋላ አንዳንዱን ቁራጭ አውጥቶ የቀረውን ይገጣጥማል። በዳበረ ጡንቻ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ትገባለች፤ ያኔ አለቃው አጥብቆ ያዛል። አንተ ዘንድ ትዘለላለች። አለቃው አለ፤ ትእዛዙ ግን ልፍስፍስ ነው።»

«እንደ አጎታችን በይኛ! ይቆጣል፣ የሚሰማው የለም።»

መድኃኒቱ ያቺን ቁራጭ እንዲያስገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን ከወንድሟ ጡንቻ በተገኙ ሴሎች ላይ የሚፈትነው የተመራማሪዋ የቅርብ አለቃ፣ በጥድፊያው «መብረቁ» የሚባል ሰው ነበር። ቁራጯ የገባችበት ረጅሙና የተዘለለችበት አጭሩ መልእክት የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ስለሆነ፣ ጄል በሚባል ዝልግልግ ሰሌዳ ውስጥ በደካማ ኤሌክትሪክ ቀኑን ሙሉ በቀስታ መነዳት አለባቸው። መብረቁ ግን ኤሌክትሪኩን ከፍ አደረገው። ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ መስመር ታዩ፤ እሱም አጭሩ ጠፍቶ ረጅሙ ብቻ የቀረ መስሎት «መድኃኒቱ ሠርቷል» ብሎ አወጀ።

እሷ በተረፈው ናሙና በቀስታ ደገመችው።

«ጋሼ፣ መስመሩ ሁለት ነው። አጭሩ ምንም አልቀነሰም።»

«የወንድምሽ ነገር አስጨንቆሽ ዓይንሽ ሁለት ሁለት ያያል።»

«ካሜራውም ወንድም አለው እንዴ?»

ያነሳችውን የጄሉን ፎቶ ስታሳየው ሰውየው ሁለቱን መስመሮች በዓይኑ አየ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ስሕተት ነበር፤ ስሕተት ደግሞ ይታረማል። እሱ ግን የአጭሩን መልእክት የታችኛውን መስመር ከፎቶው ቆርጦ፣ የቀረውን ለተቋሙ ኃላፊ ለፕሮፌሰሯ አቀረበ። ወንድሟ መድኃኒቱን በመርፌ የሚወስድበት ቀን ተቆረጠ።

እኅት የመመረቂያ ጽሑፏ በመብረቁ እጅ እንዳለ ታውቃለች። ቢሆንም ፕሮፌሰሯ ዘንድ ገብታ የሆነውን ተናገረች።

«የሁለታችሁንም ፎቶ አላይም» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ከፊቴ ሥሪው።»

ወንበር ስበው ከጄሉ አጠገብ ዋሉ። አመሻሹ ላይ መስመሩ ለሁለት ሲከፈል መነጽራቸውን አውልቀው፣ «መርፌው ቀርቷል» አሉ።

«ፕሮፌሰር፣ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?»

«እኔ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ሥጋውን የሰጠንን አመስግኚ።»

ለወንድሟ ስትነግረው የስፌት መኪናውን አቁሞ ጨርቁን ዳሰሰ። ተስፋ ማጣት ቀላል አይደለምና።

«ታዲያ ጉበቴን አተረፋችሁልኝ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም። ለእኒያም ሴት ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ደግሞ ሌላ ቅንጣት ካስፈለጋችሁ፣ ግራ ክንዴ አልተነካም።»

እሷም ያን ቀን በሱቁ ውስጥ አልቅሳ አመሰገነችው፤ ጥናቱም በእውነተኛው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ቀጠለ።

መብረቁ በተቋሙ የሥነ ምግባር ጉባኤ ፊት ቀርቦ ፎቶውን መቁረጡን አመነ። ከሥራ ተባረረ፤ በዚያ ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ለሕትመት የላከው ጽሑፍ ተሰረዘ፤ የሕመምተኞችን ናሙና ዳግመኛ እንዳይነካም ተከለከለ።