ከመዳፍ የተቀመሰው ውስኪ

ዙፋን ጀሪካኑን የሰሊጥ ዘይት መስሏት ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ኧረ ከእሳት አርቂልኝ» አላት ታላቅ ወንድሟ ይታያል፣ ሻንጣውን ከትከሻው ሳያወርድ።

«ዘይት አመጣለሁ አላልክም፣ ወንድምዓለም?»

«ዘይቱን ረሳሁት። ይኼ ቡርቦን ነው፤ የአሜሪካ የበቆሎ ውስኪ። ዐሥራ አምስት ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛ። የሱዳንን ገዳሪፍ ገልብጠሽ ብትፈትሺ ሁለተኛ አታገኚም።»

ከሱዳኑ ጦርነት የሸሸ አንድ ፈረንጅ ነበር የሰጠው። ሙሉ ጠርሙስ ኬላ ላይ እንደሚሰበርበት ስላወቀ፣ ይታያል እዚያ ተቀጥሮ ከሚሠራበት እርሻ ባገኘው ጀሪካን ውስጥ መጠጡን ገልብጦ፣ ባዶውን ጠርሙስ ሰሊጥ ኬሻ ውስጥ ቀብሮ አመጣው። አሁን ጓዳ ገብቶ ጠርሙሱን መልሶ ሞላና ክዳኑን ጠበቅ አደረገ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የምትወደው የእንዳለው ሽማግሌዎች ዙፋንን ለጋብቻ ለመጠየቅ ይመጣሉ። እሷና እንዳለው ሦስት ዓመት ተጠባብቀዋል። የሚያስፈሩት የእንዳለው አባት አያ ጓንጉል ናቸው፤ አምና ለሌላው ልጃቸው ሽምግልና ሄደው፣ የቀረበልኝ ወንበር አነሰኝ ብለው ተነሥተው የወጡ ሰው።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ። ይታያል ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አወጣና ስለ በርሜሉም ስለ ዓመቱም አወራላቸው። ከዚያ ለእህቱ ሰጣት፤ የምትቀዳው እሷ ናት።

ለአያ ጓንጉል ቀዳች። እንደ ደንቡ ቀጂ ቀድሞ ይቀምሳልና፣ በመዳፏ ጥቂት ጠብ አድርጋ ወደ አፏ ወሰደች።

ሽታው ቀድሟት ደረሰ። ሁለት ክረምት ማሽላ እርሻ ላይ የአረም መድኃኒት በጀርባዋ ተሸክማ ረጭታለች። ያኔ ጥፍሯ ሥር ገብቶ፣ የምትጎርሰው ሁሉ እሱን እሱን ይላት ነበር። አሁን ምላሷ ላይ ነው፤ ቅባት ያለው፣ መራራ፣ በስኳር የተለወሰ የሚመስል። መዋጥም መትፋትም አቅቷት ቆመች።

«ሙሽራችን መጠጥ አታውቅም» አሉ አያ ጓንጉል እየሳቁ፤ ብርጭቋቸውንም አነሡ።

«ውድ መጠጥ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያንገሸግሻል» አለ ይታያል። ዐይኑ ግን «ዋጪው» ይላት ነበር።

ብርጭቆው ከንፈራቸው ጋ ሊደርስ ሲል ዙፋን ምንጣፉ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተፋችው። ጥቂቱ ጫማቸው ላይ አረፈ።



«አይጠጡት፣ አባባ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም በጭንቅ እየተሰማት። «የአረም መድኃኒት አለበት። ጀሪካኑ የመድኃኒት ነው።»

«ሦስቴ በሳሙና አጥቤዋለሁ እኮ» አለ ይታያል።

አያ ጓንጉል ጫማቸውን አዩ። ብርጭቆውን ሲያሸቱት ፊታቸው ተጨማደደ። ለይታያል ዘረጉለት።

«እንካ፣ አንተ ቅመስልኝ።»

ይታያል ተቀብሎ አፍንጫው ጋ አደረሰው። ዐይኑ ውሃ ሞላ። ሳይቀምስ አስቀመጠው።

«ልጅቷ ባትኖር እኮ ጠጥቼ፣ መርቄህ፣ እሞትልህ ነበር» አሉት። ከዚያ ወደ ዙፋን ዞረው፣ «ሂጂ ተጉመጥመጪ፣ ልጄ። ጫማ ይታጠባል» አሉ።

ዙፋን ጓሮ ወጥታ አራት ጊዜ ተጉመጠመጠች፤ ጣዕሙ አልለቀቃትም። ይታያል ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ውስኪውን ደፋ። ሽማግሌዎቹ የከርከዴ ሻይ ጠጥተው የሠርጉን ቀን ከፋሲካ በኋላ ቆረጡ። ጀሪካኑን ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት ዙፋን በቢላ በሳችው።