ሸጊቱ የመረቀችው መንገድ

«ጦራችን ሰው አገር ሄዶ ይዋጋ ወይስ የራሱን ድንበር ጠብቆ ይቀመጥ?»

መምህርት የትናየት ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ከሥሩ ለሁለት ከፈለችው፤ በአንድ ወገን «ይሂድ»፣ በሌላው «ይቅር»። በደባርቅ የጎልማሶች ትምህርት ልምምዱ እንዲህ ነበር፤ ሁሉም በተራ ተነሥቶ ሐሳቡን ይናገርና ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል። ሸጊቱ ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ስሟን መጻፍ ከቻለች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ከየትኛው ሥር እንደምትጽፈው ግን አላወቀችም። አንድ ልጇ ምስክር ወታደር ነው፤ ለእረፍት መጥቶ እቤት ተቀምጧል።

«እኔ እንጃ» ብላ ጠመኔውን ለረህማ ሰጠች።

ረህማ ጨርቅ ነጋዴ ናት። የእሷም ልጅ ሙሰዓብ ከምስክር ጋር በአንድ ሻምበል ነው፤ እረፍት የመጡትም አብረው ነው። «ይሂድ» ከሚለው ሥር ስሟን ጻፈች።

«ሱቅሽን ዘግተሽ ልትዘምቺ ነው?» አሏት አቶ ደርቤ፤ ቡይት ራስ ተራራ ላይ የዱር አራዊት ፓርክ ሲጠብቁ ያረጁ ሰው ናቸው። «ጦርነቱ እኛ ደጅ ሲመጣ የትኛው አገር ደረሰልን?»

«ማንም። ዳባት ዘመዶቼ ቤት ተሸሽጌ ደጅ ደጁን ሳይ ሰነበትሁ። ለዚህ ነው ይሂድ የምለው፣ አባባ። እዚያም ደጅ ደጁን የምታይ እናት አትጠፋም።»

«እሷ ጠርታናለች? እኔ ገበያ መሐል ሁለት ሰካራም ስገላግል ነው ይቺ ጥርሴ የወለቀች። ማንም አልጠራኝም ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። ሲቆጠር አሥራ አንዱ ይሂድ፣ ዘጠኙ ይቅር ብሏል።

ሸጊቱ እቤት ስትገባ ምስክር ምን እንደተማሩ ጠየቃት። ነገረችው።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ምን አውቄ። ብዙው ሰው ይሂድ አለ። ረህማ እንኳ ሳትቀር።»

ምስክር ሻንጣውን ማሰናዳት ጀመረ።

በማግሥቱ ጠዋት ሻንጣውን አንሥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ልጅ ያለ እናቱ ምርቃት መንገድ አይወጣም።

«እማዬ፣ ለምሄድበት መርቂኝ።»

«ሂድ ልጄ። የረገጥኸው መሬት ይቅናህ። ቅዱስ ሚካኤል በፊትህም በኋላህም ይሁን።»

«ልሂድ?»

«ሂድ እንጂ፤ መኪናው እንዳያመልጥህ።»

ጉልበቷን ስሞ ወጣ።

ምስር እየለቀመች ሳለ ረህማ እያለከለከች ገባች። እንደምን አደርሽ እንኳ አላለችም።

«ሸጊቱ፣ እንዴት ፈቀድሽለት?»

«ምኑን?»

«ሶማሊያ መሄዱን ነዋ! ምስክር እንደሚሄድ ሙሰዓብን ስሸኝ አሁን መነኻሪያ ሰማሁ። የሚሄደው ፈቃደኛ ብቻ ነው። እናታችሁን አስፈቅዳችሁ ኑ ተብለው ነው እረፍት የተሰጣቸው። ምስክር እናቴ መርቃኛለች እያለ ነው።»

ሸጊቱ ወደ ረህማ ስትዞር ሰፌዱ ተገለበጠ።

«አንቺስ? ይሂድ ብለሽ ጽፈሽ የለም ወይ?»

ረህማ አቀረቀረች። «ጻፍሁ። ማታ ሙሰዓብ ሲነግረኝ ግን እግሩን ይዤ አለቀስሁ፤ እሱም እሺ፣ ካምፕ እቀራለሁ አለኝ። ጦሩ ይሂድ አልሁ እንጂ ሙሰዓብ ይሂድ አላልሁም። ተነሽ፣ መኪናው ገና አልወጣም።»

ሸጊቱ ነጠላዋን እየጎተተች መነኻሪያው ደረሰች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ምስክር በመስኮት በኩል ነው፤ ሙሰዓብ አጠገቡ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ውረድ» አለችው።

«መርቀሽኝ ነው የወጣሁት እኮ።»

«እንደ ወትሮው ካምፕ የምትገባ መስሎኝ ነው።»

የምስክር ፊት አመድ መሰለ። «ፊት ለፊት መንገር አቃተኝ፣ እማዬ። ሂድ ስትይኝ የገባሽ መስሎኝ በስልክ ስሜን ሰጠሁ።» እጁን በመስኮት አውጥቶ እጇን ያዘ። «ምርቃቴን መልሻለሁ በይኝና አሁኑኑ እወርዳለሁ።»

ሸጊቱ አፏን ከፈተች። ምርቃቷን የመለሰች እናት በዘመኗ አልሰማችም፤ ከእርግማን የምትለየውም አይደለም። ብትመልሰው ልጇ ቢወርድም ባይወርድም ያለ ጠባቂ የሚቀር መሰላት። አፏን መልሳ ገጠመች። ረዳቱ በሩን ዘጋ። እጁ ከእጇ እስኪላቀቅ ድረስ ከአውቶቡሱ ጋር ተራመደች።

በሳምንቱ ጦሩ ተነሣ። ሙሰዓብ ካምፕ ቀረ፤ ምስክር ሄደ።